ተለጥፈው የገቡት ገጾች

ለአራት ዓመታት ደመወዝ የሚከፈለኝ ለማንበብ ነበር። በአንድ የከተማ አስተዳደር የዕቅድ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ኅብረተሰብ ጤና የተጻፉ ጥናቶችን አነባለሁ፤ ያነበብኩትን አሳጥሬ ለኃላፊዎች አቀርባለሁ፤ እነሱም ያዳምጣሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ያልፋሉ። ከወንበሬ ጀርባ ግድግዳውን የሞላ መደርደሪያ ነበረ። በወፍራም ወረቀት የታተሙ፣ ሽፋናቸው ላይ አረንጓዴ ቅጠል ወይም የተሰነጠቀ መሬት ያለባቸው ሪፖርቶች ተደርድረውበታል። አንዳንዶቹ ከታሸጉበት ላስቲክ እንኳ አልወጡም። አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ "እነዚህን አቧራቸውን ልጥረግ ወይስ የማይነኩ ናቸው?" ብላ ጠየቀችኝ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ያኔ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ጥፋቱን ሁሉ በኃላፊዎቹ ላይ እደፈድፈው ነበር። አያነቡም፣ ሳይንስ አይገባቸውም፣ አርቀው ቢያዩ እስከሚቀጥለው ምርጫ ነው እል ነበር። አሁን እንዲህ ለማለት አልደፍርም። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ስብሰባ ነው።

ተመራማሪው ከሩቅ የተጋበዘ፣ የሚያውቀውን በደንብ የሚያውቅ ሰው ነበር። እስከ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ የሙቀቱን አካሄድ የሚያሳዩ ካርታዎችን እያከታተለ አሳየን፤ ቢጫው ብርቱካናማ ሆነ፣ ብርቱካናማው ቀላ። ሲጨርስ የፋይናንስ ኃላፊው እጁን አወጣ። "ደወሉ በስንት ዲግሪ ነው የሚደወለው?" አለ። ተመራማሪው አልገባውም። "ማለቴ፣" አለ ኃላፊው፣ "ቴርሞሜትሩ ስንት ሲል ነው እኔ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ፈርሜ ነርሶቹን ቤት ለቤት የማሰማራው?" ተመራማሪው ጥቂት አሰበና ለዚያ ተጨማሪ ጥናት እንደሚያስፈልግ ተናገረ። ከጎኔ የተቀመጡት በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ፤ የሳቁት በፋይናንስ ኃላፊው ነበር። እኔም አብሬ ፈገግ ማለቴን አልክድም። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን በዚያ ቀን ከተነሱት ጥያቄዎች ሁሉ ሳይንስ ሊመልሰው የሚገባው የእሱ ጥያቄ እንደነበረ ከነከነኝ።

ነገሩ የመጠን ጉዳይም አለበት። የዓለምን አየር ንብረት የሚያሰሉት ሞዴሎች ምድርን በካሬዎች ይከፋፍሏታል፤ የአብዛኞቹ የአንዱ ካሬ ጎን ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አንድ ከተማ ከነዳርቻው በአንዷ ካሬ ውስጥ ገብቶ ይሰወራል። ዛፍ ባለበት ሰፈርና አስፋልትና ቆርቆሮ ብቻ ባለበት ሰፈር መካከል ግን በአንድ ከሰዓት የበርካታ ዲግሪ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ሰው የሚሞተው ደግሞ በሰፈሩ፣ በቤቱ፣ በክፍሉ ነው። ጊዜውም እንደዚሁ አይገጥምም። ሞዴሉ 2100ን ያያል፤ ምክር ቤቱ አራት ወይም አምስት ዓመት ያያል፤ በጀቱ አንድ ዓመት ያያል፤ የአምቡላንስ ሾፌሩ የዛሬን ከሰዓት ያያል። እነዚህን አራት ሰዓቶች የሚያስማማ ሰው በመሥሪያ ቤቱ የሥራ መደብ ዝርዝር ውስጥ የለም።

የዚህ ሙያ ሰዎች ሲገናኙ የሚያነሱት አንድ የቆየ ታሪክ አለ። (የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1854 የበጋ መጨረሻ ለንደን ውስጥ በሶሆ ሰፈር ኮሌራ ገባ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሐኪሙ ጆን ስኖው የሟቾቹን አድራሻ እየለቀመ አብዛኞቹ ብሮድ ስትሪት ከሚባለው ጎዳና የውኃ ፓምፕ የሚጠጡ መሆናቸውን ደረሰበት። መስከረም 7 ማታ ሰፈሩን ወደሚያስተዳድረው የደብሩ ሸንጎ ገብቶ ያገኘውን አስረዳ፤ በማግሥቱ የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ሳይንስ ተናገረ፣ ሹማምንት ሰሙ፣ ሕዝብ ዳነ ተብሎ።

የሚያስደንቀኝ የተቀረው ክፍል ነው። እጀታው ሲነቀል ብዙ ሰው ሰፈሩን ለቆ ሸሽቶ ስለነበር ወረርሽኙ አስቀድሞ መብረድ ጀምሯል። የአገሪቱ የጤና ቦርድ የስኖውን ሐሳብ አልተቀበለም፤ በሽታው የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ ነው በሚለው እምነቱ ጸና። ወረርሽኙ ሲያልፍ እጀታው ወደ ቦታው ተመለሰ። ታዲያ የደብሩ ሰዎች በሐሳቡ ካልጸኑ ለምን ነቀሉት? እኔ እንደሚመስለኝ ለመንቀል ቀላል ስለነበረ ነው። ወጪ የለውም፣ የበላይ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ቢሳሳቱ ነገ መልሰው ይገጥሙታል። ስኖው አውቆም ይሁን ሳያውቅ ጥናቱን ይዞ የቀረበው በክፍሉ ውስጥ በተቀመጡት ሰዎች ሥልጣን ልክ ነው። "የለንደንን የውኃ አቅርቦት ለውጡ" ቢላቸው ኖሮ አመስግነው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ባለፉ ነበር። ከንግግሬ በኋላ ስንቴ እንደተመሰገንኩ ሳስታውስ ይህ ነጥብ ያሳፍረኛል።

የታሪኩ ሁለተኛው ሰው ሄንሪ ኋይትሄድ የሚባል የሰፈሩ ወጣት ቄስ ነው። ምርመራውን የጀመረው የስኖውን ሐሳብ ሐሰት መሆኑን ለማሳየት ነበር። ደብሩ ባቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ ውስጥ ሆኖ በስም ወደሚያውቃቸው ቤተሰቦች ደጋግሞ ሄደ፤ ማን ከየት እንደጠጣ፣ ማን ጠጥቶ እንደተረፈ ጠየቀ። በመጨረሻ በራሱ ማስረጃ ተሸነፈና ስኖው ያላገኘውን አገኘ። በቁጥር 40 ቤት አንዲት ጨቅላ ታማ ነበር፤ እናቷ የሕፃኗን ጨርቅ ያጠበችበትን ውኃ ያፈሰሰችው ከፓምፑ ጉድጓድ አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ወዳለ የቆሻሻ ጉድጓድ ነው። ሲቆፈር ግንቡ ተሸርሽሮ ቆሻሻው ወደ ውኃው ሲሰርግ ተገኘ። ስኖው ካርታውን ሠራ፤ እናቲቱን ማነጋገር የቻለው ግን ቤቷን የሚያውቀው ሰው ነው።

በ1892 ደግሞ የጀርመኗ ሃምቡርግ አለች፤ ስለ እሷ ባነበብኩ ቁጥር የመሥሪያ ቤቴ ኮሪደር ይሸተኛል። ሃምቡርግ የራሷ ሴኔት ያላት፣ ራሷን በራሷ የምታስተዳድር ሀብታም የነጋዴዎች ከተማ ነበረች። ከኤልብ ወንዝ ቀድታ ሳታጣራ ለነዋሪዎቿ ታከፋፍል ነበር። ድንበር የምትጋራት አልቶና ውኃ የምትቀዳው ከሃምቡርግ በታች፣ የሃምቡርግ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት በኋላ ነው፤ ነገር ግን በአሸዋ ታጣራው ነበር። ነሐሴ ላይ ኮሌራ ሲመጣ በሃምቡርግ 8,600 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ አልቶና በጥቂት ጉዳት አለፈች። በድንበሩ ላይ ባለው መንገድ አንዱ ወገን ይቀብራል፣ ሌላው ወገን ሥራውን ይሠራል። "ሃምቡርገር ሆፍ" የሚባል የሠራተኞች መኖሪያ ግቢ ነበረ፤ በሃምቡርግ መሬት ላይ ያለ፣ በአጋጣሚ ግን የውኃ ቧንቧው ከአልቶና የተሳበ። በዙሪያው ሁሉ ኮሌራ ሲያርድ በዚያ ግቢ አንድም ሰው አልታመመም። የባክቴሪያ ተመራማሪው ሮበርት ኮክ ከበርሊን መጥቶ ይህን ሲያይ ሆን ተብሎ የተሠራ ሙከራ ይመስል ነበር።

ሃምቡርግ ስለ አሸዋ ማጣሪያ አታውቅም ነበር? በሚገባ ታውቃለች። ለዓመታት ተከራክራበታለች፤ ወጪው ብዙ ነው፣ የቤት ባለንብረቶች ይክፈሉ ወይስ ሌላ ሰው የሚለው አልለይለት አለ። ክርክሩን ያራዘመው ደግሞ ራሱ ምሁራዊ ሙግት ነው። የሙኒኩ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር ዋናው ነገር ውኃው ሳይሆን የአፈሩ ሁኔታ ነው ይል ነበር፤ በዘመኑ የተከበረ፣ ለብዙ ከተሞች ንጽሕና ብዙ የሠራ ሰው ነው። ወጪ ለማይወድ ሴኔት ይህ ሐሳብ ከሰማይ የወረደ ያህል ነበር። ማጣሪያው በመጨረሻ ተፈቅዶ ግንባታው ላይ እያለ በሽታው ቀደመው፤ በ1893 ተጠናቀቀ።

ካሮል ዋይስ የምትባል አሜሪካዊት ምሁር በ1979 ባወጣችው ጽሑፍ መንግሥታት ጥናትን የሚጠቀሙባቸውን መንገዶች ስትለይ አንዱን "ጥይት" ብላዋለች፤ ውሳኔው አስቀድሞ ተወስኗል፣ ጥናቱ የሚፈለገው ለመከራከሪያ ነው። ከራሴ ልምድ የምጨምረው ቢኖር ጥይቱ የሚተኮሰው ለማድረግ ብቻ ሳይሆን ላለማድረግም መሆኑን ነው። "ሳይንቲስቶቹ ገና አልተስማሙም" ከሚል ዓረፍተ ነገር የበለጠ ለመዘግየት የሚመች ትራስ አላየሁም።

ወደ እኛ ቢሮ ልመለስ። እኔ ከመቀጠሬ በፊት መሥሪያ ቤቱ ለአንድ አማካሪ ድርጅት ከፍሎ ያሠራው የሙቀት መከላከያ ዕቅድ ነበረ። ሰማንያ አራት ገጽ ነው። በጭብጨባ ጸድቋል። በገጽ ስልሳ አካባቢ ስለ ባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች ጥበቃ የሚያወራ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለ። ከተማችን ባሕር የላትም። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔን ግን የሚያሳስበኝ ምዕራፉን ያነበበው የመጀመሪያው ሰው እኔ መሆኔ ነው፤ ከጸደቀ ከሁለት ዓመት በኋላ።

ብቻችንንም አልነበርንም። በ2023 ሴንተር ፎር ፖሊሲ ሪሰርች የተባለው የሕንድ የጥናት ተቋም በአገሪቱ ያሉ 37 የሙቀት ዕቅዶችን መርምሮ ነበር። የማስጠንቀቂያውን ዲግሪ በአካባቢያቸው ሁኔታ ያወጡት 10 ብቻ ናቸው። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የጻፉት 11። ሙቀቱ ማንን ይበልጥ እንደሚጎዳ ያጠኑት ሁለት። ልብ በሉ፣ ሕንድ በዚህ ጉዳይ ቀድማ የተንቀሳቀሰች አገር ናት።

የእንቅስቃሴው መነሻ የአህመዳባድ ከተማ ናት። በግንቦት 2010 ሙቀቱ 46.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ፤ ተመራማሪዎች ከሞት መዝገብ ተነስተው ሲያሰሉት በዚያ ወር ከወትሮው 1,344 ሰዎች ይበልጥ ሞተዋል። የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ከአገር ውስጥና ከውጭ ተመራማሪዎች ጋር ተቀምጦ በ2013 ዕቅድ አወጣ። የወደድኩት ክፍል ግማሽ ገጽ አይሞላም። ከ41 ዲግሪ ሲያልፍ ቢጫ፣ ከ43 ሲያልፍ ብርቱካናማ፣ 45 ሲሞላ ቀይ። በየቀለሙ ሥር ማን ምን እንደሚያደርግ ተጽፏል። የፋይናንስ ኃላፊያችን ጥያቄ በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ ተመልሶ ቁጭ ብሏል።

ከዚያው ከተማ የምወደው ሌላም ታሪክ አለ። በአንድ ሆስፒታል የወላዶችና የአራሶች ክፍል የሚገኘው ከጣሪያው ሥር ባለው የመጨረሻ ፎቅ ላይ ነበር። ሕፃናቱ በሙቀት እየተጎዱ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይገቡ ነበር። ሐኪሞቹ መዝግበው አዩትና ክፍሉ ወደ ታች እንዲወርድ ተደረገ፤ በሙቀት የሚታመሙት አራሶች ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። አዲስ መድኃኒት የለም፣ አዲስ መሣሪያ የለም። አልጋ ተሸክሞ ደረጃ መውረድ ነው። ጥናቱ ባይኖር ግን አልጋዎቹን የሚያንቀሳቅሳቸው አይኖርም ነበር፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ሙቀቱን ያውቀዋል፣ ያውቀዋልና አያየውም።

እንግዲህ ቁጥሩን ከራሳችን ከተማ ማውጣት ነበረብኝ። ወደ ሞት ምዝገባ ክፍል ሄድኩ።

መዝጋቢዋ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሴት ነበሩ። መዝገቦቹ በእጅ የተጻፉ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ዓመት ናቸው። የስድስት ዓመቱን ጠየቅኳቸው፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና "ከመቼ ወዲህ ነው ይህ የሚፈለገው?" አሉ። ሦስት ሳምንት እዚያው ተቀምጬ የሞቱበትን ቀን፣ ዕድሜና ሰፈር ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩ። የሞት ምክንያት በሚለው ዓምድ ውስጥ ሙቀት የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። የልብ ድካም አለ። እርጅና አለ። "በድንገት" የሚል አለ፤ ይህ ብዙ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ከአንዱ መዝገብ መሐል የመጽሐፉ ያልሆኑ ወረቀቶች አገኘሁ። ሌላ ዓይነት ወረቀት ነው፤ መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ጠርዙ በሙጫ የተያያዘ። መዝገቡ እዚያ ላይ አብጦ አልዘጋ ብሏል። ለእያንዳንዱ ወር የታተሙ ገጾች አሉ፤ በዚያ ወር ገጾቹ አልቀው ሴትዮዋ በራሳቸው እጅ ሰባት ገጽ ለጥፈዋል። ቀኖቹን አየሁ። የዚያን ዓመት ከፍተኛ ሙቀት የተመዘገበባቸው ቀኖች ነበሩ።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?" አልኳቸው።

"ያን ጊዜ ገጹ አልበቃኝም፣ ልጄ።"

"ለማን ነገሩ?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ሰማንያ አራቱን ገጽ አስቤ ፊቴ ጋለ። ከእኔ ቢሮ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ በሙጫና በማስመሪያ የተሠራ የከተማዋ ትልቁ የአየር ንብረትና የጤና ጥናት ተቀምጦ ነበር። እኔ ከውቅያኖስ ማዶ የመጣውን ስገልጥ ከርሜያለሁ።

ሙታንን መቁጠር ራሱ ግጭት መሆኑን ቺካጎ በ1995 አሳይታለች። በሐምሌ ወር አጋማሽ ሙቀቱ 41 ዲግሪ ገባ፤ አስከሬን የሚቀመጥበት ጠፍቶ የማቀዝቀዣ የጭነት መኪኖች ተሰለፉ። የአስከሬን ምርመራ ኃላፊው የሟቾቹን ቁጥር ሲያሳውቅ ከንቲባው ቁጥሩ ተጋኗል ብለው ተከራከሩ። በኋላ ከወትሮው በላይ የሞቱት 739 መሆናቸው ተሰላ። ፊላደልፊያ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድማ ሌላ መንገድ ይዛለች። በ1993 የከተማዋ የአስከሬን ምርመራ ቢሮ የሰውነት ሙቀት ያልተለካለትን ሟች ጭምር፣ በተዘጋ ሞቃት ክፍል ውስጥ ከተገኘ በሙቀት እንደሞተ መዘገበ፤ 118 ሰዎች ተቆጠሩ። ያኔ ቁጥሩን አበዛች ተብላ ተተችታለች። ነገር ግን የቆጠረ ከተማ ቀድሞ ነቃ፤ በ1995 የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጋች። ማስጠንቀቂያው ሲታወጅ በየመንደሩ ያሉ ፈቃደኞች ጎረቤቶቻቸውን ያያሉ፣ የስልክ መስመር ይከፈታል፣ ባልከፈሉ ቤቶች መብራት መቁረጥ ይቆማል። በኋላ የተሠራ ስሌት ሥርዓቱ በ1995 እና 1998 መካከል 117 ያህል ሕይወት እንዳተረፈ ገመተ፤ ወጪው 210,000 ዶላር ገደማ ነበር። የፋይናንስ ኃላፊያችን በጽሞና ያነበባት ብቸኛዋ አንቀጽ ይህች ናት።

የመዝገቡን ሥራ ስጨርስ ሙቀቱንና ሞቱን በአንድ ወረቀት ላይ ሣልኳቸውና ወደ እሱ ቢሮ ወሰድኩ። መስመሩ ለረጅም ርቀት ተኝቶ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ቀና ይላል። ጣቱን መታጠፊያው ላይ አሳረፈ። "ደወሉ ይኸውና" አለ።

የከተማችን የሟቾች ቁጥር ትንሽ ስለሆነ መታጠፊያው እርግጠኛ አይደለም፣ በሁለት ዲግሪ ወደዚህም ወደዚያም ሊሄድ ይችላል አልኩት። ይህን ስናገር ፈርቼ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ጥርጣሬዬን ስናዘዝ ስብሰባው ያበቃል። እሱ ግን ወንበሩን አስጠጋ። "ዝቅ አድርገን ብንሳሳት ምን እናጣለን?" የጥቂት ቀን ትርፍ ሰዓት፣ ምናልባትም ደጋግመን ካስጠነቀቅን የሕዝቡን ጆሮ። "ከፍ አድርገን ብንሳሳትስ?" የተለጠፉትን ገጾች በስልኬ ፎቶግራፍ አንስቼያቸው ነበር፤ አሳየሁት። ዝቅ ያለውን መረጠና ፈረመ። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ጥርጣሬን አይፈራም፤ ሥራው ሁሉ ግምት ነው። ይህን ሳላውቅ ስንት ጊዜ እርግጠኛ መስዬ ለመታየት ደክሜያለሁ።

አዲሱ ዕቅድ አንድ ገጽ ሆነ፤ በስልኩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የሚቀረው የሚደወልላቸው ሰዎች ዝርዝር ነበር።

በዚህ ፈረንሳይን ተከተልን። በ2003 የበጋ ሙቀት ወደ 15,000 ሰዎች ሞተውባት በማግሥቱ ዓመት ባወጣችው ሕግ ከንቲባዎች ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን መዝገብ እንዲይዙ አዘዘች። በ2006 ሙቀቱ ሲመለስ ከሚጠበቀው 4,400 ያህል ያነሱ ሰዎች ሞቱ፤ ከመዝገቡ፣ ከማስጠንቀቂያውና ከሰዉ መንቃት የትኛው ምን ያህል እንደሠራ መለየት ግን አይቻልም። መዝገቡ አንድ ስንጥቅ አለበት፤ በፈቃደኝነት ነው። ስሙን የሚያስመዘግበው ቢሮ መሄድ የሚችል፣ ማስታወቂያውን የሰማ፣ የሚያስታውሰው ዘመድ ያለው ሰው ነው። በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2021 በአንድ ሳምንት ሙቀት 619 ሰዎች ሲሞቱ 98 በመቶዎቹ የሞቱት በቤት ውስጥ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሞት የሚመጣው በዝርዝሩ ውስጥ ወደሌለው ሰው ነው። ይህን አውቄ ነው ዝርዝሩን ያዘጋጀሁት፤ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ስም፤ ጥሩ ዝርዝር ነው ብዬም አላምንም ነበር።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የታወጀው ቅዳሜ ቀን ነው። ሠራተኛ ስላልበቃ እኔም ስልክ ያዝኩ። ዘጠነኛው ላይ የደወልኩላቸው ሽማግሌ ብዙ ከጠራ በኋላ አነሱት።

"ማን ነህ?"

ማን እንደሆንኩና ለምን እንደደወልኩ ነገርኳቸው። ውኃ እየጠጡ መሆኑን፣ መስኮቱን መቼ እንደሚከፍቱ፣ ማዞር እንዳለባቸው ጠየቅሁ፤ በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ቅደም ተከተል።

"እኔ ደህና ነኝ" አሉ በቁጣ። "ከአልጋዬ ያስነሳኸኝ ለዚህ ነው? ይልቅ ከበላዬ ላለችው ደውልላት። ከትናንት ጀምሮ እግሯን አልሰማሁም።"

ስሟን ጠየቅኳቸው። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ የለችም። ስልክም የላትም አሉ። እርሳስ አንስቼ ከሁለት መቶ አሥራ አንደኛው ስም በታች ስሟን፣ ፎቁንና የበሩን ቁጥር ጻፍኩ፤ ወረቀቱ ላይ ቦታ ስላልነበረ ከሥሩ ሌላ ቁራጭ አያያዝኩበት። ከዚያ ለነርሷ ደወልኩ።